መንግሥት የሰጠንን ወረቀት ኮፒ አድርገን መልሰን ለመንግሥት እስከ መቼ?

ይድረስ ለገንዘብ ሚኒስቴር እና ለገቢዎች ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን ሆይ፣

ለትናንሽ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እየያዝኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ከደንበኞቼ ጋር የግብር ወረፋ ላይ እቆማለሁ። ይህን የምጽፈው ከግብር ለመሸሽ አይደለም፤ መንገዱም ጤና ጣቢያውም በምን ገንዘብ እንደሚሠራ አውቃለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ሽሮ ቤት ያላቸውን አንዲት እናት ይዤ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የንግድ ፈቃድ ኮፒ፣ የቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ኮፒ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የኪራይ ውል ኮፒ፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አምጡ ተባልን። አመጣን። በማግስቱ ስንመለስ ፋይሉ ስላልተገኘ ሁሉም እንደ አዲስ ይቅረብ ተባለ። ቤታቸው ሁለት ቀን ተዘግቶ ዋለ። ለእሳቸው ሁለት ቀን ማለት የሳምንት አስቤዛ ነው።

ከተጠየቅነው ሁሉ መንግሥት ራሱ ያልሰጠው ወይም ያላረጋገጠው አንድም ወረቀት አልነበረም። ሕጉ ደግሞ አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለቀረበ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ደንግጓል። ዲጂታል መታወቂያው ፋይዳም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መታወቂያ ሆኗል። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን ዛሬም «ኮፒውስ?» ይላል። በሠራተኛው አልፈርድም፤ ያለ ወረቀት ቢያስተናግድ ነገ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ትልቅ ድርጅት ለዚህ ሥራ ጉዳይ አስፈጻሚ ቀጥሮ፣ መኪና መድቦ ይልካል። የሽሮ ቤቷ ባለቤት ግን ምድጃቸውን አጥፍተው ራሳቸው መሄድ አለባቸው።

ስለ ደረሰኝም ልናገር። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት የሚታተመው በሙቀት ስለሆነ ወራት ሲቆይ ጽሑፉ ይጠፋል። መዝገብ ደግሞ ለዓመታት መያዝ ግዴታ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ደረሰኝ ሳይደበዝዝ ፎቶ ኮፒ አድርገን ከኮፒው ጋር አያይዘን እናስቀምጣለን። በወረቀት ላይ ወረቀት! ያ ደረሰኝ ኬሚካል የተቀባ በመሆኑ እንደ ተራ ወረቀት መልሶ ለመጠቀምም አይመችም።

የቀረው ወረቀት የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ? በቅርቡ ከመንገድ ላይ ኦቾሎኒ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ስዘረጋው የሰው መታወቂያ ኮፒ ነው፤ ፎቶው፣ ስሙ፣ የቤት ቁጥሩ ሳይቀር። ደነገጥኩ፤ እስካሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም። ለቆራሌው ያልደረሰው ደግሞ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ሲናድ ከ100 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ከተማዋ የጣለችውን እየለቀሙ የሚኖሩ ድሆች ከነልጆቻቸው ከክምሩ ሥር ነበሩ።

አሁን ወደ ግብሩ። አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ማሳደጉን አመሰግናለሁ። ነገር ግን የመጨረሻው የ35 በመቶ እርከን ከ14,000 ብር ላይ ይጀምራል። ወር ጠብቆ 15,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 3,200 ብር ግብር፣ 1,050 ብር ጡረታ ይቆረጥበትና 10,750 ብር ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን ይተርፈዋል? በወር ግማሽ ሚሊዮን ብር የሚከፈለው ሰው ከመጨረሻዋ ብር ላይ የሚቆረጥበትም ያው 35 በመቶ ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የብር አቅም ምን እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ሸሚዝ ሲገዙም እኩል 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላሉ። ይህ ፍትሕ አይመስለኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። መንግሥት የሰጠውን ሰነድ ኮፒ መጠየቅ በመመሪያ ይከልከል፤ ቲን ወይም የፋይዳ ቁጥር ከተነገረ ሠራተኛው ራሱ ከሲስተሙ ይመልከት፤ ይህን በማድረጉም በኦዲት እንዳይጠየቅ መመሪያው በግልጽ ይጻፍለት። ጊዜው ያለፈበት ፋይል ተቆራርጦ ወረቀት መልሰው ለሚያመርቱ ይሰጥ እንጂ የሰው ስም እንደያዘ ገበያ አይውጣ። የ35 በመቶው መነሻ ከኑሮው ጋር ከፍ ይበል፤ እጅግ ከፍተኛ ለሆነው ገቢ ደግሞ የራሱ እርከን ይበጅለት።

መጪው ሐምሌ ሩቅ አይደለም። እኚያ እናት ዘንድሮም ሁለት ቀን መዝጋት ይኖርባቸው እንደሆነ ጠይቀውኛል። ምን ልበላቸው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሒሳብ መዝገብ ያዥ፣ አዲስ አበባ