ተሳቢውን ከመግዛትህ በፊት

ወንድም ዓለም እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እናትህስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ስንት ዘመን ሆነን አቦ ሳንደዋወል፣ አንተ ቁጥር ቀየርክ፣ እኔ ወገቤ የጅቡቲን መንገድ አልችልም ሲለኝ መኪናውን አስረክቤ ሀዋሳ ገባሁ፣ ከዛ ቤት ኪራይ፣ ልጅ፣ ጋራዥ እያልን ጊዜው ሄደ። ግን ከልቤ ነው የምልህ በጣም ናፍቀኸኛል፣ አዳማን ባለፍኩ ቁጥር እዛ ሰፈር ዞር ብዬ ሳላይ አልፌ አላውቅም።

ቁጥርህን ያገኘሁት ያ የሰፈራችን ልጅ ለሰርግ እዚህ መጥቶ ስላንተ ሲያወራኝ ነው። ካምፒንግ ተሳቢ ልትገዛ ነው አለኝ፣ ሥራውን ጨርሶ ካገር የሚወጣ ፈረንጅ የሚሸጠው፣ አሜሪካ የተሠራ፣ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሻወር ሁሉ ያለው፣ ባዶውን ሁለት ሺህ ኪሎ የሚሆን፣ በሃይሉክስህ ጎትተህ ቤተሰቡን ይዘህ ላንጋኖ፣ ባሌ ምናምን ልትል። ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ልጆች ሐይቅ ዳር አድረው ጠዋት ወፍ ሲያዩ ማደግ ትልቅ ነገር ነው፣ እዚህ ሀዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር በሞያሌ በኩል የሚመጡ ቱሪስቶች መኪናቸው ውስጥ ሲያድሩ ሳይ እኔም ሁሌ ያምረኛል። ወዲያው ግን ፈራሁልህ። እኔ ግማሽ ዕድሜዬን ተሳቢ ስጎትት ነው የኖርኩት፣ ዝም ብል ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም፣ ስለዚ ረዘም ቢልም እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይጎትተዋል ወይ ብሎ ነው። ሃይሉክስ ይጎትተዋል፣ ሜዳ ላይ ከዛም የከበደ ይጎትታል። እኔ የምጠይቅህ ቁልቁለት ላይ ያቆመዋል ወይ፣ ጀርባውስ ይሸከመዋል ወይ ነው። አዲሱ 2.8 ሃይሉክስ ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 3500 ኪሎ ይጎትታል ተብሎ ተጽፎለታል፣ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተጻፈለት ግን 750 ኪሎ ብቻ ነው፣ ልዩነቱን እየው እስቲ። ያንተ ደግሞ የድሮው ነው፣ እንደ ሞተሩና እንደ ሞዴሉ ቁጥሩ ስለሚለያይ ሰው የነገረህን ትተህ የራሱን የመኪናውን መጽሐፍ ገልጠህ አንብብ።

እና እዚህ ጋ ነው ነገሩ፣ አሜሪካ የሚሠሩት እንደዚህ ዓይነት ተሳቢዎች ፍሬናቸው አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው፣ ሹፌሩ አጠገብ ዳሽቦርዱ ስር የሚታሰር፣ የተሳቢውን ፍሬን የሚያዝ ኮንትሮለር ከሌለ ፍሬኑ አለ ማለት አይቻልም፣ ፔዳሉን ስትረግጥ ምንም አይሰማም፣ መኪናህ ብቻውን ነው ሁለቱንም የሚያቆመው። የአውሮፓዎቹ ይለያሉ፣ እነሱ መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ከኋላ ሲገፋ አንገቱ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት የፊት ብረቱ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ በራሱ ፍሬን ይይዛል፣ ከመኪናው መብራት ካልሆነ ሌላ የኤሌክትሪክ ገመድ አይፈልግም። ስለዚ ሰውየው የሚሸጥልህ ከነኮንትሮለሩ ነው ወይስ ቤቱን ብቻ ነው? ኮንትሮለሩ ከሌለ፣ የሚያስርልህ ሰው ከሌለ፣ አትንካው። ካለም ከመክፈልህ በፊት በቀስታ እየነዳህ የኮንትሮለሯን እጅ ብቻ ጫን አድርጋት፣ ተሳቢው መኪናህን ወደ ኋላ ሲይዘው ልታውቀው ይገባል፣ ካልያዘው ፍሬኑ ሞቷል። ሌላ ደግሞ አንገቱ ላይ ትንሽ ባትሪና ቀጭን ገመድ መኖር አለበት፣ ተሳቢው ቢበጠስ ገመዷ ተስባ ፍሬኑን በራሱ የምታስይዝ፣ ባትሪዋ ደርቃ ከሆነ ጌጥ ናት።

ሸክሙን በተመለከተ፣ ባዶ ክብደት ብሎ የሚነግርህን እርሳው፣ ባዶውን ማንም አይጎትትም። መቶ ሊትር ውሃ ስትሞላ መቶ ኪሎ ጨመርክ፣ ጋዝ፣ ባትሪ፣ ፍራሽ፣ ወንበር፣ ምግብ፣ የልጆች ሳይክል እያልክ ሁለት ሺው 2400 ይገባል። ከዛ ውስጥ ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶው አንገቱ ላይ፣ ማለትም መኪናህ መጎተቻ ላይ ማረፍ አለበት፣ ከ240 እስከ 360 ኪሎ መሆኑ ነው። አምስት ሆናችሁ ስትገቡ 300 ኪሎ በሉት፣ ኋላ ፒካፑ ላይ የምትጭነውን ጨምር፣ ሃይሉክሱ ገና ሳይንቀሳቀስ ሞልቷል። ኋላው ሲቀመጥ ፊቱ ይነሳል፣ መሪው ይቀልብሃል፣ ማታ መብራትህ ዛፍ ላይ ያበራል። እዚህ ጋራዥ ብትወስደው ሞላ እንጨምርልህ ይሉሃል፣ እኔም ስንቱን ጨምሬያለሁ፣ መኪናው ቀና ይላል እውነት ነው፣ ፍሬኑና አክሰሉ ግን ያው ናቸው፣ የተፈቀደለት ጭነት በሞላ አይጨምርም።

አንገቱ ላይ ሸክሙ በዛ ብለህ ደግሞ ዕቃውን ወደ ኋላ እንዳታሸሸው፣ ይሄንን እባክህ በደንብ ያዝልኝ። ተሳቢ ከኋላ ከበደ ማለት ጭራ ይጥላል፣ መጀመሪያ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ከዛ እየሰፋ ሄዶ መኪናውን ራሱን ይዞት ይሄዳል። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ አገር አቋራጭ አውቶብስ ባጠገብህ ሽው ሲል ነፋሱ በቂ ነው ለመጀመር። ከባዱ ነገር ከጎማው በላይና ትንሽ ወደ ፊት፣ ዝቅ ብሎ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ጀምሮ ከያዘህ መሪ አትታገል፣ ፔዳል አትርገጥ፣ ነዳጅም አትጨምር፣ እግርህን አንስተህ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝና የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በኮንትሮለሩ በእጅህ ጫን፣ ያ ነው የሚያስተካክለው። እኔ ብሆን ተሳቢ ይዤ ከ80 አልፍም፣ መንገዱ ምንም ቢያምር።

የአንገቱን ክብደት ለማወቅ ትልቅ ሚዛን አያስፈልግህም፣ የሰው መመዘኛ የቤት ሚዛን ይበቃል። ጠንካራ ጣውላ ውሰድ፣ አንዱን ጫፍ ሚዛኑ ላይ ሌላኛውን ጫፍ ሚዛኑን የሚያህል ብሎኬት ላይ አሳርፈው፣ የተሳቢውን አንገት ከብሎኬቱ አንድ ክንድ ከሚዛኑ ሁለት ክንድ ርቆ ጣውላው ላይ አስቀምጠው፣ ሚዛኑ ያሳየህን በሦስት አባዛው፣ በቃ። ተሳቢው ግን ደልዳላ ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ ጎማው ታኮ ገብቶለት፣ ጭነቱን ሁሉ ከነውሃው ይዞ ይሁን። ጠቅላላውን ደግሞ እህልና ብረታ ብረት የሚመዝኑ የመኪና ሚዛን ያላቸው ሰዎች ጋ ሄደህ አስመዝነው፣ የሚያስከፍሉህ ከምታተርፈው ጋር አይወዳደርም።

የተሳቢው አፍ የሚገጥምበትን መጎተቻ ኳሱንም ለካው። ብዙ ጊዜ እኛ ጋ ያለው 50 ሚሊ ነው፣ ትላልቆቹ የአሜሪካ ተሳቢዎች ደግሞ 58.7 ሚሊ ገደማ የሚሆን ኳስ ይፈልጋሉ፣ ትንሹ ኳስ ላይ ትልቁ አፍ ግጥም ያለ ይመስላል፣ ቁልፉም ይዘጋል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ይዘላል። መጎተቻው ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረ እንጂ ባምፐር ላይ የተበየደ እንዳይሆን። ሰንሰለቶቹን አንገቱ ስር አጠላልፈህ እሰር፣ ቢወልቅ አንገቱ አስፋልት ላይ ከመውደቅ ሰንሰለቱ መስቀል ላይ እንዲያርፍ።

ተሳቢው ሰውየው ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆሞ የኖረ ነው ብሎኛል ያ የሰፈራችን ልጅ። ቆሞ የኖረ ተሳቢ ጎማው አዲስ ይመስላል፣ ጥርሱ አላለቀማ! ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር ፈልግ፣ 2318 ካለ በፈረንጅ 2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው፣ ያንን ጎማ ምንም ጥርስ ቢኖረው ልጆችህን ከፊቱ አስቀምጠህ አትጎትተው። ኩሽኔታውን አስፈትተህ በአዲስ ግሪስ አስሞላው፣ መንገድ ላይም በቆምክ ቁጥር የጎማውን መሐል በእጅህ ጠጋ ብለህ እየው፣ አንዱ ከሌላው ለይቶ ካቃጠለህ አትንቀሳቀስ። ወለሉን በእግርህ ማዕዘን ማዕዘኑን ጫን ጫን በልበት፣ ለስለስ ካለ ውሃ ገብቶበታል። መብራቱም የአሜሪካ ከሆነ የቤት ዕቃው 120 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ የኛ 220 ነው፣ ትራንስፎርመር ሳይኖር ከሰካኸው ይቃጠላል። ሊብሬና ታርጋ የራሱ አለው ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ስም ሲዞር ቀረጡ ማን ላይ ነው የሚወድቀው? ይሄንን በወሬ አትለፈው፣ በወረቀት ይሁን።

አሜሪካ ያለው ወንድምህ ደግሞ ሞተር ያለውን፣ ራሱን የሚነዳውን ቤት ልላክ ብሎሃል አሉ። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል፣ ስለዚ አንድ ብር ሳያወጣ ጉምሩክ ይጠይቅ። ቢገባም ለኛ መንገድ አይመቸኝም፣ ካምፕ አድርገህ ዳቦ ለመግዛት ሁሉን ነገር ነቅለህ ቤቱን ይዘህ ነው የምትወጣው፣ ሲበላሽም መኪናውም ማደሪያውም አንድ ላይ ጋራዥ ይገባሉ። ከኬንያ የሚሸጥ ተሳቢ ካገኘህም በሩን እይ፣ እነሱ በግራ ስለሚነዱ በሩ በግራ ነው የሚሆነው፣ እኛ ጋ ዳር ይዘህ ስትቆም ልጆቹ የሚወርዱት አስፋልቱ ላይ ነው።

እኔን ብትሰማኝ ትንሹን ውሰድ። ሸራው ተጣጥፎ የሚዘጋ፣ ሲከፈት ሁለት አልጋ የሚሆን፣ ተጭኖ ከአንድ ሺህ ኪሎ የማያልፍ፣ ፍሬን ያለው። ዝቅ ስለሚል ነፋስ አይመታውም፣ ኋላህንም በላዩ ታያለህ። ወይ ደግሞ አንድ ጥሩ ዶልፊን ገዝተህ ውስጡን አልጋ አሠርተህ ፖርቶመጋላው ላይ ድንኳን ብትጭን ጉተታ የሚባል ነገር የለብህም፣ የወንበሩን ቁጥር ስትቀይር ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ስለሚነካ ግን ቀድመህ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቅ።

መንገዱ ያስፈራኝ በተለይ ባሌ ስላልክ ነው። ከአዳማ በአሰላ ስትወጣ አሰላ ከ2400 ሜትር በላይ ነው፣ ዲንሾ ከ3000 ያልፋል፣ ሳነቴ አራት ሺህን አልፎ ቱሉ ዲምቱ 4377 ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺው ሜትር አስር በመቶ ገደማ ጉልበቱን ይጥላል፣ አዳማ ላይ ራሱ ጉልበቱ ሙሉ አልነበረም፣ ሳነቴ ላይ ሲደርስ አርባ በመቶ ገደማው ጠፍቷል። መውጣቱን ግን ቀስ ብለህ ትወጣዋለህ፣ ቢሞቅ ትቆማለህ። ከአሰላ ወደ አዳማ ስትመለስ ነው ጉዱ። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አስገባው፣ ፍሬን ረገጥ ለቀቅ እንጂ ተጭነህ አትቆይ፣ የሚሸት ነገር ከመጣ ፍሬንህ እየጠፋ ነው፣ ሞተር እንዳታጠፋ ብቻ፣ ዳር ይዘህ ቁምና ይቀዝቅዝ። ውሃ አታፍስበት።

ስለዚ መጀመሪያ ሶደሬ ሂዱ፣ ቅርብ ነው፣ ፍል ውሃውም አለ፣ አንድ ሌሊት አድራችሁ ምን እንደጎደላችሁ እዩ። ቀጥሎ በሞጆ በመቂ ላንጋኖ። ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ፒስታ ላይ ዝግ በል፣ ዕቃው የሚፈራርሰው እዛ ነው። ባሌ ከክረምት በኋላ ይሁን።

የኋላ ማርሽ ያስቸግርሃል፣ አይግረምህ። ያንን ትልቁን የኛን ተሳቢ ሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ ነው ሰው የሚፈራው፣ ትንሹ ግን አጭር ስለሆነ ከመቅጽበት ይታጠፋል፣ ረጅሙ ይሻላል ለኋላ። እጅህን መሪው ታች ላይ አድርግ፣ የተሳቢው ጭራ እንዲሄድ ወደምትፈልግበት እጅህን አንቀሳቅስ፣ ትንሽ ትንሽ ብቻ፣ ከጠመመ ወደ ፊት ወጥተህ እንደገና ጀምር። እሁድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ፈልግና ልጆቹን ቤት ትተህ ተለማመድ።

እንግዲህ አሁን የምፈልገው ይሄን ነው፣ ተሳቢው አንገት ወይ ግድግዳ አካባቢ ክብደቱ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የጎማዎቹን ቁጥር፣ የሊብሬውን፣ የሃይሉክስህን መጽሐፍ ጉተታ የሚለውን ገጽ ጨምረህ። ቴሌግራም ላይ በዚሁ ቁጥር አለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አዳማ መምጣት እችላለሁ፣ አብረን እናየዋለን፣ ስሩም እገባለሁ። እናትህን ጉልበታቸውን ስሜልኝ፣ ባለቤትህንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ። ሰውየው ምንም ቢያጣድፍህ፣ ሌላ ገዢ አለ ቢልህም፣ እኔ ሳላየው ቀብድ እንዳትሰጥ።