የፊዚክስ ክበብ ዘገባ፦ ማዕዘን ስንለካ የከረምንበት ዓመት

የፊዚክስ ክበባችን በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተውጣጡ 23 አባላትን ይዞ ዘወትር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሲሰበሰብ ቆይቷል። አባላቱ የዓመቱን ርእስ እንዲመርጡ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ አውሮፕላን አሉ፤ እኔም ርእሱ እንዳይሰፋብን በመስጋት፣ በአውሮፕላን ላይ ማዕዘን በሚለኩ ሴንሰሮች ብቻ እንድንወሰን ሐሳብ አቀረብሁ፤ ተስማሙ።

እነዚህ ሴንሰሮች አንድ የሚዞር አካል ስንት ዲግሪ እንደ ዞረ ለኮምፒውተር ያሳውቃሉ። አብራሪው የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ እጀታ ሲገፋ፣ ፍላፕ የሚባለው የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍል ሲወጣ፣ የፊት ጎማው መሬት ላይ ሲታጠፍ፣ በየቦታው ማዕዘኑን የሚያነብ ሴንሰር አለ። እኛ የበለጠ ጊዜ የሰጠነው ግን ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ለሚተከለው የአንግል ኦፍ አታክ ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር ከፊት የሚመጣው አየር ክንፉን በምን ማዕዘን እንደሚያገኘው ይለካል፤ ማዕዘኑ ከመጠን ካለፈ አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል በድንገት ይቀንሳልና። አየሩ በውጭ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ወደ ራሱ አቅጣጫ ያዞራታል፣ ዘንጓም አብሯት ይዞራል፣ ሴንሰሩም የዘንጉን መዞር ያነባል።

የራሳችንን ለመሥራት ከአሮጌ ሬዲዮኖች የድምፅ መጨመሪያ ፖቴንሺዮሜትር (ዘንጉ ሲዞር የሚያወጣው ቮልት የሚለዋወጥ አካል) ፈትተን አወጣን። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ በዘንጉ ውስጥ ያለው ቅባት ደርቆ ስለነበር የማራገቢያው ነፋስ ሊያዞረው አልቻለም። አጽድተን፣ ሰሌዳውንም ከዘይት ቆርቆሮ አስፍተን ስንቆርጠው መዞር ጀመረ። ፖቴንሺዮሜትሩ 270 ዲግሪ ይዞራል፤ 5 ቮልት ስንሰጠው እያንዳንዱ 10 ዲግሪ ወደ 0.185 ቮልት ለውጥ ያመጣል። ተማሪዎቹ በፕሮትራክተርና በመልቲሜትር እየለኩ ሠንጠረዥ ሠሩ፤ ግራፉም ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። አንደኛው ፖቴንሺዮሜትር ግን በመካከል ላይ ንባቡ ይዘል ነበር። አሮጌ ሬዲዮ ድምፁ ሲጨመር የሚንኮሻኮሸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በካርቦኑ ላይ እየተፋተገ የሚሄደው ብረት መንገዱን በልቶታል። በአውሮፕላን ላይ ሪዞልቨርና አር ቪ ዲ ቲ የሚባሉት ሴንሰሮች የሚመረጡበትን ምክንያት ከዚህ የተሻለ አድርጌ ላስረዳ አልችልም ነበር። በእነርሱ ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሽቦ ጥቅሎች መካከል በመግነጢስ አማካይነት ስለሚተላለፍ ልኬቱ በመፋተግ ላይ አይመሠረትም። ሪዞልቨር የማዕዘኑን ሳይንና ኮሳይን ለየብቻ ስለሚያወጣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ትሪጎኖሜትሪውን ወዲያው ለዩት።

በየካቲት ሁለት ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተክለን አንዱን ሆን ብለን 20 ዲግሪ አጣመምነው። አንደኛው መልቲሜትር 2.50፣ ሌላኛው 2.87 ቮልት አሳየ። ሰሌዳዎቹን በጨርቅ ሸፍነን ስለነበር ንባቡን ብቻ የምታየው የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ታዲያ የትኛውን ነው የምናምነው?» አለችኝ። መልሱን በዚያው ሰዓት አልሰጠሁም።

በሚቀጥለው ረቡዕ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ጉዳይ በጥንቃቄ አቀረብሁ፤ ያኔ 5ኛ ክፍል የነበሩት ተማሪዎች ቀኑን ያስታውሱታል። የ157 ሰዎች ሕይወት ያለፈበት አደጋ ስለሆነ አስቀድመን በጸጥታ ቆመን አሰብናቸው። በዚያው ወር የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ አውሮፕላኑ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር፤ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ደግሞ የሚያዳምጠው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር። ከወራት በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በኢንዶኔዥያ በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰዎች ባለቁበት አደጋም የግራው ሴንሰር ወደ 21 ዲግሪ ገደማ አብልጦ ያነብ ነበር። ቀኙ ሴንሰር በሥራ ላይ እያለ ሳይጠየቅ መቅረቱ ተማሪዎቼን ከሁሉ በላይ አሳዘናቸው፤ እኔንም ዛሬ ድረስ ያሳዝነኛል።

ቦይንግ ኤምካስን ካሻሻለ በኋላ ሥርዓቱ ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ ፍላፕ ተሰብስቦ ልዩነታቸው 5.5 ዲግሪ ከደረሰ ኤምካስ አይሠራም። በእኛ መሣሪያ ይህ ልዩነት 0.10 ቮልት ገደማ ስለሚሆን፣ ንባቦቹ ከዚያ በላይ ሲለያዩ ቀይ አምፖል የሚያበራ ሰርኪዩት አባላቱ በራሳቸው ሠሩ። ያች ተማሪ ግን አምፖሉ አለመግባባቱን እንጂ ስሕተተኛውን እንደማይነግራት አስተዋለች፤ ሦስተኛ ሰሌዳ እንዲጨመርም ሐሳብ አቀረበች። እንደ ኤርባስ ኤ320 ያሉ አውሮፕላኖች ሦስት የሚይዙት አንዱ ከሁለቱ ሲለይ እንዲታወቅ ነው።

ሦስተኛው ሰሌዳ ተቆርጦ ተዘጋጅቷል፤ በእጃችን የቀረው ፖቴንሺዮሜትር ግን ያ መንገዱ የተበላው ብቻ ነው። መሣሪያው ከነሠንጠረዦቹ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ መስኮቱ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ በቤቱ የተበላሸ ሬዲዮ ያለው ወላጅ በመስከረም ቢልክልን ሥራውን ከዚያ እንቀጥላለን።