ፊቱ ታድሷል፣ ቧንቧው ግን ያው ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ላይ ስለ አዲስ አበባ የቆዩ ሆቴሎች የወጣውን አስተያየት ድሬዳዋ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ «መካከለኛዎቹ አሮጌ ሆቴሎች ወይ ይታደሱ፣ ወይ ቦታውን ለሚችል ይልቀቁ» የሚል ነው። በማስረጃነት የደረደሩት የደበዘዘ ቀለም፣ ጠባብ መግቢያ፣ ያረጀ ሶፋና ጨለም ያለ መተላለፊያ ነው። ይህን ሁሉ ምድር ቤት ማኪያቶ እየጠጡ ማየት ይቻላል። እኔ ግን እነዚህ ሆቴሎች ውስጥ አድራለሁ፤ ያደረ ሰው የሚያየው ሌላ ነው።

ድሬዳዋ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። የሠርግ ካርድ፣ የዕድር ደብተር፣ ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የመጣልንን እናትማለን። ወረቀትና ቀለም ሲያልቅ ወይም ማሽኑ አንድ ዕቃ ሲጎድለው አዲስ አበባ መምጣት ግድ ነው። በስልክ አታዢም ወይ የሚሉኝ አሉ። ወረቀት በስልክ አይታዘዝም፤ ወፍራሙን 80 ግራም ብለው ሳሳ ያለውን 70 ግራም ሲልኩላችሁ ታውቁታላችሁ። ወረቀት በእጅ ተዳስሶ፣ ብርሃን ላይ ተይዞ ነው የሚገዛው። ስለዚህ እመጣለሁ፣ አልጋ እይዛለሁ፣ ቀኑን መርካቶ ስዞር እውላለሁ፣ ማታ ሒሳቤን እሠራለሁ። እንደ እኔ ያለው እንግዳ ብዙ ነው፤ የጅማ ቡና ነጋዴ፣ ከሐዋሳ ለስብሰባ የተላከ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አባቱን ሊያሳክም ከገጠር ይዞ የመጣ ልጅ። ቁርስ ላይ እንገናኛለን።

የማርፈው ለገሃርና ስታዲየም መካከል ባለ ሆቴል ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የምለው ነገር የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ። እኛ የድሬ ሰዎች ያንን ሰፈር የምናውቀው በባቡር ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከድሬ የመጣ ሰው ሻንጣውን ይዞ ከጣቢያው ወጣ እንዳለ አልጋ የሚጠይቀው እዚያው አካባቢ ነበር። አሁን አዲሱ ባቡር የሚያወርደን ፉሪ ለቡ፣ ከተማው ዳር ነው። ከዚያ ራይድ ጠርቶ መሀል ከተማ መግባት ራሱን የቻለ ሌላ መንገድ ሆኗል። ቢሆንም ልማድ ሆነና፣ ደግሞም ከስታዲየም በቀላል ባቡር መርካቶ ሰባተኛ መድረስ ስለሚቀል፣ ያንኑ ሰፈር አልተውኩም። ቦሌ ያሉት መስታወት በመስታወት የሆኑ ሆቴሎች ለኪሴም ለመርካቶም ሩቅ ናቸው። ፔንሲዮን ደግሞ፣ ሌሊቱን በር ሲንኳኳ ስለሚያድር፣ ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት እንቅልፍ አይሰጥም። መካከለኛው ሆቴል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጸሐፊው «ቦታውን ይልቀቁ» ሲሉ እኛ የት እንደምንሄድ አልነገሩንም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ ሆቴል ታድሷል፤ ጸሐፊው የጠየቁት ሁሉ ተደርጓል። የኮሪደር ልማቱ በደጁ ሲያልፍ ፊቱ ግራጫ ተቀባ፣ ማታ ማታ መብራት ይበራበታል። የእንግዳ መቀበያው ጣሪያ ጂፕሰም ሆነ፣ ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን። ልጆቹ አዲስ የደንብ ልብስ ለብሰዋል። እሰይ፣ አማረበት። እኔም ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። እዚያ ምንም የተነካ ነገር የለም። አንዳንዱ ባለመነካቱ ደስ ይለኛል፤ ወለሉ የድሮ ፓርኬ ነው፣ በሰም ተወልውሎ የሚያበራ፤ ቁም ሣጥኑ ከባድ ዋንዛ፣ ጠረጴዛው ደብተር ዘርግተው ሒሳብ የሚሠሩበት እውነተኛ ጠረጴዛ ነው። በአዲሶቹ ሆቴሎች ጠረጴዛ ማለት ላፕቶፕ የማታስቀምጥ መደርደሪያ ናት። ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ስከፍት እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ ቡናማ ውሃ ተፋ፤ ቆይቶ ጠራ፣ ግን ክር አክሎ ቀረ። ሳሙናውን ከጸጉር ለማስለቀቅ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ውሃ።

የጥገናው ሰውዬ ሲመጡ ነገሩ ገባኝ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ሻወሩን ፈትተው አጠቡና ትንሽ ተሻለ። «ይህ ብቻ አይደለም፣ ኑ ላሳይዎት» ብለው ታች ወደ ዕቃ ክፍላቸው ወሰዱኝ። ከሁለተኛ ፎቅ ቆርጠው ያወጡትን የብረት ቧንቧ ቁራጭ አነሱና ብርሃን ላይ አደረጉልኝ። ከውጭ አውራ ጣት የሚያስገባ ይመስላል፤ ከውስጥ ዝገቱ ቅርፊት በቅርፊት ላይ ሠርቶ የቀረው ቀዳዳ እርሳስ አያስገባም። «እትዬ፣ ይህ ግድግዳ ሳይሰበር አይቀየርም። ግድግዳ ከተሰበረ ፎቁ መዘጋት አለበት። ፎቁ ከተዘጋ አልጋ አይሸጥም። ስለዚህ ጣሪያውን ሠሩት» አሉኝ። አሁን በየቦታው የሚገጠመው የፕላስቲክ ቧንቧ እንደማይዝግ፣ እሳቸው ራሳቸው ከዓመታት በፊት ለባለቤቶቹ ጽፈው እንደሰጡም ነገሩኝ።

እኔም ሥራ የማስተዳድር ሰው ነኝና የባለቤቱ ጭንቀት ይገባኛል። ፎቅ መዝጋት ገቢ መዝጋት ነው። ግን አንድ ፎቅ በክረምት፣ እንግዳ ሲቀንስ፣ ሌላውን በሚቀጥለው ክረምት እያሉ መሥራት አይቻልም ነበር? ለጂፕሰሙ ገንዘብ ተገኝቷል። ገንዘቡ የሄደው ከመንገድ ወደሚታየው ነው፤ እንግዳው የሚኖረው ደግሞ ከመንገድ በማይታየው ውስጥ ነው። በዚህ ላይ የአልጋው ዋጋ «ስለታደስን» ተብሎ ጨምሯል። የታደሰው ጣሪያ ሥር እኮ አልተኛሁም!

ውሃው ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል፤ በዚህ ሆቴሉን አልወቅስም። ሆቴሎች ውሃው በመጣ ቀን ምድር ላይ ባለው ታንከር ያጠራቅማሉ፣ በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋሉ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ጄኔሬተሩ ፓምፑን ካልያዘ ሮቶው ባዶውን ይቀራል። ይህን ሁሉ እንግዳ መቀበያው ያውቃል፣ ግን አይናገርም። ጠዋት ሞተር የመሰለ ድምፅ እያሰማ አየር ብቻ የሚወጣበትን ሻወር ከፍቼ ስደውል «ይቅርታ እመቤቴ፣ አሁን ይመጣል» ይላሉ። «አሁን» ማለት እኔ መርካቶ ደርሼ ከተመለስኩ በኋላ ማለት ነው።

እውነቱን የነገረችኝ ክፍል የምታጸዳዋ ልጅ ናት። አመሻሽ ላይ አንሶላ ልትቀይር ገብታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ዛሬ ሌሊት ውሃ ይቋረጣል፤ አሁኑኑ ይታጠቡ። ቦይለሩንም ከታች አጥፍተውት ስለነበር አብርቼልዎታለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ» አለችኝ። ከዚያ ሰማያዊውን ባልዲ ሞልታ፣ ጆጉን አፉ ላይ ደፍታ፣ ከመቀመጫው አጠገብ አስቀመጠችልኝ። ወለሉ እርጥብ ስለሆነ ነጠላ ጫማውን በሩ ሥር አዙራ አኖረችው፣ ስገባ እግሬ ቀጥ ብሎ እንዲገባ። ሆቴል ማለት ለእኔ ይህ ነው። ግን ይህን የምታደርገው ስለታዘዘች ሳይሆን በራሷ ነው፤ እንዲያውም እንዳይሰሟት ፈርታ ነበር። ለምን? ለእንግዳ እውነት መንገር እንደ ገመና ማውጣት ተቆጥሮ ነው። አንዲት ወረቀት ላይ «ዛሬ ውሃ ከዚህ እስከዚህ ሰዓት አለ» ብሎ ሊፍቱ አጠገብ መለጠፍ ስንት ያስወጣል? ከፈለጉ እኔ በነጻ አትምላቸዋለሁ።

ዋጋን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። በስልክ ስጠይቅ «2,000 ብር፣ ቁርስን ጨምሮ» ተባልኩ። ስወጣ ሒሳቡ 2,530 ሆነ። አሥር በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ 200 ብር፤ በዚያ ላይ፣ በ2,200ው ላይ ማለት ነው፣ አሥራ አምስት በመቶ ቫት 330 ብር። ቫቱ የመንግሥት ነው፣ እኔም በሱቄ እሰበስባለሁ፤ ጥያቄዬ እሱ አይደለም። ጥያቄዬ መክፈል ያለብኝ 2,530 ከሆነ ለምን 2,000 ተባልኩ ነው። ሰው የተጨመረበትን ሲያይ የሚያናድደው ብሩ ብቻ አይደለም፣ እንደ ሞኝ መቆጠሩ ነው። ለእኔስ እሺ። ከሐዋሳ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ አበሉ አስቀድሞ ተወስኖ የተሰጠው ነው፤ ልዩነቱን ከኪሱ ነው የሚሞላው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። በዚህ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ከተለጠፈው ውስጥ የለንደንና የዱባይ ሰዓት አለ፣ የአልጋ ዋጋ የለም።

ደረሰኙንም፣ የሙያዬ ነገር ስለሆነ፣ ሳላነሳ አላልፍም። ከካሽ ሬጅስተሩ የሚወጣው በሙቀት የሚታተም ስስ ወረቀት ነው፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ካገኘው ወይም ፕላስቲክ ውስጥ ከቆየ ጽሑፉ ይጠፋል። ድሬ ስደርስ፣ በእኛ ሙቀት፣ ግማሹ ነጭ ሆኗል። ስለዚህ ሒሳብ የምታወራርዱ ሰዎች ደረሰኛችሁን ያኔውኑ ፎቶ ኮፒ አድርጉት።

አሁን ወደ ጸሐፊው ልመለስ። «ደረጃቸውን ያልጠበቁ» ብለዋል። አገራችን ከተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆና ለሆቴሎች ኮከብ መስጠት የጀመረችው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ አልቃወምም። ግን በር ላይ የተሰቀለው ኮከብ በዚያ ጠዋት በ12 ሰዓት ውሃ ይኑር አይኑር አይነግረኝም። ከጽሑፉ የቀሩት ሰዎቹም ናቸው። ያ ሆቴል ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰዎች አሉት። ቁርስ የሚሠሩት እናት ረቡዕና ዓርብ ማን እንደሚጾም ሳይጠይቁ ያውቃሉ፤ ለእኔ ፉሉን ያለ ቅቤ፣ ቃሪያውን ለብቻ ያመጡልኛል። በር ላይ ያሉት ጋሼ በወረቀት ጥቅል ተጭኜ ስመጣ ከታክሲው ሳልወርድ ጋሪ ይልካሉ፣ ማታ ከመሸ ብቻዬን ወደ ስታዲየም እንዳልሄድ ይቆጡኛል። ወጣቶቹ ግን እየለቀቁ ነው። ሥራ ይለምዱና ቦሌ አዲስ ሆቴል ሲከፈት ይሄዳሉ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ያቺ ባልዲ የሞላችልኝ ልጅም የምትቆይ አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች ከሄዱ ያ ሕንፃ በእርግጥም አሮጌ ይሆናል።

ሌላም ብዙ ማለት ይቻላል። ከመንገድ በኩል ያለ ክፍል ከያዛችሁ ገና ሳይነጋ ረዳቶች «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያሉ ያስነሷችኋል፤ ከጓሮ በኩል ከያዛችሁ ደግሞ ጄኔሬተሩ ትራሳችሁ ሥር ነው። እኔ ረዳቶቹን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ጭሱ የለም። ይህ የከተማ ጠባይ ነው፣ አላማርርም።

የምጠይቀው ይህንን ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ተመልሳችሁ ከጻፋችሁ ጋዜጠኛችሁ አንድ ሌሊት ይደርበት። መግቢያውን ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ቧንቧ ይክፈት፣ ሒሳቡን ቫትና ሰርቪሱን ደምሮ ይጠይቅ። ለሆቴሉ ባለቤቶችም መልእክቴን አድርሱልኝ፤ እንደሰማሁት በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የምግብ አዳራሹን ጣሪያ ሊያድሱ ነው። ከጣሪያው በፊት ሦስተኛ ፎቅን በሐምሌና በነሐሴ ዘግተው ቧንቧውን ይቀይሩ። ለእነዚያ ሁለት ወራት ሁለተኛ ፎቅ ላይ አልጋ ከሰጡኝ ይበቃኛል፤ ባልዲው እስካለ ድረስ።

የማተሚያ ቤት ባለቤት
ከድሬዳዋ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)