የልጅ ቁርጥማት ሁሉ የደሴ ብርድ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን በጤና ዓምዳችሁ ስለ ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ጀርም ወይም ጉዳት ሲገጥመው ስለሚያሳየው መቆጣትና ማበጥ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ እጃችሁ ይባረክ። ያባብሱታል የሚባሉት ስኳሩ፣ ሲጋራው፣ ውፍረቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሁሉም ተነስተዋል። ችግሩ፣ እኔ በምሠራበት ፒያሳ አካባቢ ባለው መድኃኒት ቤት በማግስቱ የበዛው ጥያቄ ስለ ሲጋራ አልነበረም። «ብግነት የሚያጠፋ እርድ በእንክብል አላችሁ?» ነበር። እናንተ ስለ እርድ ብዙም አላላችሁም፤ ቀሪውን ቲክቶክ ጨረሰው። እርድ አልጫ ውስጥ ሲገባ ማን ይጠላዋል? ውስጡ ያለው ኩርኩሚን ግን ሲዋጥ ከአንጀት አልፎ ደም ውስጥ የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። ገንዘቡን ለዚያ ማውጣት የፈለገ ያውጣ፤ ብዕር ያነሳሁት በሌላ ነገር ነው።

ጽሑፋችሁ ስለ ልብና ብግነት ሲያወራ የአዋቂዎችን የልብ ድካምና የደም ሥር መጥበብ ብቻ አነሳ። እሱም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ቀድሞ የልብ ሕመም ድንገት የመታቸው ከ10,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ኮሌስትሮልን ሳይነካ ብግነትን ብቻ የሚያበርድ መርፌ ሲሰጣቸው ዳግም የመመታት አደጋው በ15 በመቶ ቀነሰ። ግን መርፌው የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም በኢንፌክሽን የሞቱት ሰዎች በዙ። ውድም ነው። ለደሴ ሰው የሩቅ ወሬ ነው።

የእኛው ወሬ ሌላ ነው። በእኛ አገር ገና በልጅነት ልብ የሚያበላሸው ብግነት ከጉሮሮ ይጀምራል።

ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ጉሮሮ ላይ ሲሰፍር ቶንሲል ብለን እናልፈዋለን። ልጁ ያተኩሰዋል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ በሳምንት ውስጥ ተነስቶ ኳሱን ይጫወታል። ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎ፣ ነገሩ ተረስቶ ሳለ፣ የአንዳንዱ ልጅ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመምታት ያዘጋጀውን መከላከያ ወደ ራሱ ያዞረዋል። የባክቴሪያው ፕሮቲን ከልብ ጡንቻ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል ነው። መገጣጠሚያ ያብጣል፤ የልብ ቫልቮች፣ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉት በሮች፣ ይቆጣሉ። ልብ ውስጥ ጀርም የለም። ጉዳቱን የሚያደርሰው ብግነቱ ራሱ ነው። በተደጋገመ ቁጥር ቫልቩ ይደድራል፣ ይጠባል፣ ወይም መግጠም ያቅተዋል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይሄ ነው። በዓለም ላይ ወደ 40 ሚሊዮን ሰው ይዞት ይኖራል፤ አብዛኛው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። መነሻው የሆነው ሩማቲክ ትኩሳት በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው።

መስኮቱ ላይ የሚመጣው ንግግር ደግሞ ይሄን ይመስላል።

«ወንድሜ፣ ልጄን ብርድ መትቶብኛል። ትናንት ጉልበቱን ነበር፣ ዛሬ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ አላስረግጥ አለው። እስቲ ዲክሎ ነገር ስጠኝ።»

«እናቴ፣ ሰሞኑን ጉሮሮውን አሞት ነበር?»

«እሱማ ድሮ ዳነ! ወር ሊሞላው ነው።»

ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ በሚውልበት ከተማ ብርድን መክሰስ ቀላል ነው። ወገብ ቢይዝ ብርድ፣ ጉልበት ቢቆረጥም ብርድ። አንዳንዴም እውነት ይሆናል። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እያለ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ የሚዞር እብጠት፣ ትኩሳት ከተጨመረበት፣ በልጅ ላይ ሲታይ ግን ብርድ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ያ ልጅ ዛሬውኑ ሐኪም ፊት መቅረብ አለበት።

ዲክሎውን፣ ማለትም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክን፣ ብሰጣት ደግሞ ይሠራል። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። የሩማቲክ ትኩሳት የመገጣጠሚያ ሕመም ለአስፕሪንና እንደ ዲክሎ ላሉ ዘመዶቹ ቶሎ እጅ ይሰጣል። በሁለት ቀን ውስጥ ልጁ ይሮጣል። እናት «አላህ ይስጥህ» ብላ መርቃ ትሄዳለች። ሐኪም ቤት መሄዱ ይቀራል። ልቡ ውስጥ ያለውን ማንም አላየውም። ላሴግ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን በሽታ «መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ግን ይነክሳል» ብሎት ነበር። ከዚህ የተሻለ የሚገልጸው አላገኘሁም።

ከብግነት ምርምር ታሪክ ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ ክፍልም ከዚሁ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ብግነትን የሚያበርደው ሆርሞን ኮርቲዞን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ ዓለም ጉድ አለ። አልጋ ላይ የዋሉ የቁርጥማት ሕመምተኞች ተነስተው ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት ተሰጠበት። ታዲያ ብግነት እንዲህ የሚበርድ ከሆነ የልጆቹንም ልብ እናድናለን ተባለ። እንግሊዞችና አሜሪካኖች በጋራ ወደ 500 የሚጠጉ ሕፃናት ላይ ሞከሩት፤ ኮርቲዞንን ጨምሮ ሁለት የሆርሞን ሕክምናዎችን ከአስፕሪን ጋር አወዳደሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1955 ወጣ። ትኩሳቱም ቁርጥማቱም በረደ። የቫልቭ ጉዳቱ ላይ ግን ልዩነት አልታየም።

ልብን ያዳነው ሌላ ነገር ነበር፤ ያውም ርካሽ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ዋዮሚንግ በሚገኝ የአሜሪካ ጦር ካምፕ፣ ጉሮሯቸው በስትሬፕቶኮከስ ለታመመ ወታደሮች ፔኒሲሊን ተሰጠ። መርፌውን ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ሩማቲክ ትኩሳት የያዛቸው በጣም ጥቂት ሆኑ። ጉሮሮ መታመም ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከታከመ መከላከል እንደሚቻል ዛሬ የታወቀ ነው። አንዴ ለያዘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ የፔኒሲሊን ዓይነት፣ አለ። ኡጋንዳ ውስጥ ምንም ሕመም የማይሰማቸው፣ በልብ አልትራሳውንድ ብቻ የቫልቭ ለውጥ የታየባቸው 818 ልጆች ላይ ይህ ተጠንቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ ለውጡ የባሰባቸው መርፌውን ከወሰዱት 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ናቸው፤ እንደ እርዱ ወሬ በየስልኩ ቢዞር ምን አለበት?

ብግነት ማብረጃ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ የኮርቲዞን ዘመድ የሆነው ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩ ሕመምተኞች የሚሞተውን በሲሶ ቀንሷል። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን በዚያው ጥናት ጥቅም አላሳየም። እኛ ጋ የሚመጣው ግን ሳል የጀመረው ሁሉ ነበር፤ «ዴክሳ ስጠኝ» እያለ።

ስለ መርፌው ፍርሃት ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆናል። ቤንዛቲን ያማል። ወላጅ ይፈራዋል፣ የሚወጋው ባለሙያም ይፈራዋል። ከባድ አለርጂ አለ፣ ግን ብርቅ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ቫልቫቸው ክፉኛ በተጎዳ ሕመምተኞች ላይ ከመርፌው በኋላ የታየው ድንገተኛ ሞት ብዙው ከአለርጂ ሳይሆን ከልቡ መድከም የመጣ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ የሚዋጥ መድኃኒት ይመከራል። ለሌሎቹ መርፌው ይቀጥላል፤ በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተኝቶ መወጋት ይሻላል። ቫልቩ አንዴ ክፉኛ ከተበላሸ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። ለዚያ የሚጠበቀውን ወረፋ አዲስ አበባ ልጁን ይዞ የተንከራተተ ያውቀዋል።

መድኃኒቱም ሁሌ አይገኝም። የቤንዛቲን እጥረት በዓለም ደረጃ በተደጋጋሚ የተወራበት ነው። ወር በገባ ቁጥር ከተንታ ወይም ከወረባቦ ልጅ ይዞ ደሴ መምጣት ማለት የአንድ ቀን ሥራና የመኪና ሂሳብ ነው። መጥቶ «የለም» የተባለ አባት በሚቀጥለው ወር ይቀራል፤ አልፈርድበትም።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ዘጋቢ ላኩና በደቡብ ወሎ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ የሚገኝበት የትኛው እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚወጋ ጠይቃችሁ ዝርዝሩን አትሙልን። ቆርጬ መስኮቱ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከደሴ፣ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ