ቅጠሉ ነው ወይስ አልኮሉ?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የአንድ ተክል ቅጠል ወይም ዘር «ፈዋሽነቱ ተረጋገጠ» የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር፣ ጭማቂው በምን ወጣ? እላለሁ። በአልኮል የተዘፈዘፈና በውኃ የተፈላ ቅጠል አንድ አይደሉም። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ1971 አርቴሚሲያ ከተባለው ተክል ፍቱን የወባ መድኃኒት ያገኙት፣ ሙቀት ኃይሉን ሳያጠፋው አይቀርም ብለው ኤተር በተባለ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ሲያወጡት ነው።

በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባክቴሪያ መግደልማ ምን ይደንቃል? አልኮሉም ብቻውን ይገድላል! ቅጠል ያልነካው አልኮል ጎን ለጎን ካልተሞከረ፣ በባክቴሪያው መካከል የምትታየው ጥርት ያለች ክብ፣ ማለትም ባክቴሪያ ያልበቀለባት ቦታ፣ የማን ሥራ እንደሆነች በምን ይለያል? መጠኑም አለ፤ ዘይቱ ሆድ የሚያላላው የጉሎ ፍሬ ራሱ ራይሲን የተባለ ገዳይ መርዝ ይዟል።

እባካችሁ በሚቀጥለው ዘገባ ቢያንስ ጭማቂው የወጣበትን ፈሳሽና መጠኑን ጻፉልን።

አንባቢያችሁ