መርፌ ፋጉሎ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ሦስት ዲቃላ ላሞች አሉኝ። ንጋት 11 ሰዓት ተነስቼ አልባለሁ። ከሰፈር ደንበኞቼ የተረፈውን ከዚራ ያለ አንድ ካፌ ይወስደዋል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ መርፌ ነው።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ቪዲዮው ላይ ጡቷ መሬት ሊነካ የደረሰ የፈረንጅ ላም ቆማለች። «አክስቴ፣ በየ14 ቀኑ አንድ መርፌ ብቻ፤ ወተቱ ይጎርፋል አቦ!» አለኝ። በጅቡቲ በኩል የሚያስመጣለት ሰው አለ አሉ። ድሬ ላይ በጅቡቲ በኩል የማይመጣ ነገር ምን አለ?

ልጁ አልዋሸም፤ መድኃኒቱ አለ። ላሟ ራሷ የምታመነጨው የእድገት ሆርሞን ነው፤ ፈረንጆቹ በባክቴሪያ አማካይነት ያመርቱታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1993 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል። ወተቱ ሰው ይመርዛል እያሉ የሚያስወሩትን እኔ አልደግምም። መሥሪያ ቤቱ የፈቀደው ከሌላው ወተት የጎላ ልዩነት የለውም ብሎ ነው። ካናዳ በ1999 እ.ኤ.አ. አይሆንም ስትል ለላሞቹ አስባ ነበር። የጡት በሽታ፣ ማነከስና ያለመፀነስ ችግር ይበዛባቸዋል ብለው ሐኪሞቿ አስጠነቀቋት። የአውሮፓ ኅብረትም ከልክሎታል።

የጡት በሽታን እኔ አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ ከማለቤ በፊት የመጀመሪያዋን ወተት ጥቁር ክዳን ላይ አፈሳታለሁ። ዓምና አንድ ጠዋት የአንዷ ላሜ የቡሬ ወተት ክዳኑ ላይ እርጎ መስሎ ጓጎለ። ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይፋጃል፤ ስነካት ትራገጣለች። መድኃኒት ስትወጋ የታለበውን ሁሉ ደፋሁት። ደንበኛ ጠፋ፤ አንዱ ጡቷም እስከ ዛሬ ደረቅ ነው። ይህን ያየ ሰው ለተጨማሪ ወተት ብሎ ተጨማሪ በሽታ አይጋብዝም።

ደግሞ ሒሳቡን ቁጭ ብለን ሠራነው። መርፌው ወተት የሚጨምረው ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ነው ይባላል። በቀን 30 ሊትር ለምትታለብ ላም ይሄ ከሦስት እስከ አራት ሊትር ተኩል ነው። የእኔ ዳማ የምትሰጠው 9 ሊትር ነው። ትርፏ አንድ ሊትር፣ ቢበዛ አንድ ሊትር ከምናምን! ለዚያውም ብትበላ ነው። ሆርሞኑ መኖ አይፈጥርም፤ የተበላውን ወደ ጡት ነው የሚገፋው። ላሟ ብዙ መብላት አለባት፤ ካጣች ከገዛ ሥጋዋ እየቀነሰች ትሰጣለች። እኔ ፋጉሎውን፣ የቅባት እህል ተጨምቆ የሚተርፈውን፣ ከፉሩሽካ ጋር እየመጠንኩ፣ በጎደለው ገረባ፣ ማለትም የጫት ተረፍ፣ እየጨመርኩ የማድር ሴት ነኝ። የጎረቤቶቼ ጫት ባይኖር ዳማ ምን ትበላ እንደነበር እንጃ።

ሙቀቱስ? ብዙ የምትበላና ብዙ የምታመርት ላም ከራሷ ሰውነት የሚወጣው ሙቀትም ብዙ ነው። ግንቦት ላይ እኔ ራሴ ቤት ውስጥ መቀመጥ ያቅተኛል። ላሞቼ እኩለ ቀን ላይ ምላሳቸውን አውጥተው ያለከልካሉ፤ ያኔ ወተቱ ያለ ማንም ትእዛዝ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት በሄደ ቁጥር ከላሟ በፊት መርፌው ይታመማል ማለት ነው። ይህን ስለው ልጁ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ያ ቪዲዮ የሚዞረው በእኔ ቤት ብቻ አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ «የት ይገኛል?» እያሉ የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ የእንስሳት ሐኪም ጋብዛችሁ በገጻችሁ ላይ በቀላል አማርኛ ያስረዳን። ስለ መርፌው ብቻ አይደለም። በእኛ ሙቀት ላም በቀን ስንት ውሃ እንደምትፈልግ፣ ፋጉሎ በምን ያህል እንደሚመጠን፣ ኮርማ ስትፈልግ በምን እንደሚታወቅ ይጻፍልን። ምልክቱን ሳላውቅ አዳቃዩን በጊዜው ሳልጠራ አንድ ዓመት ሙሉ ከስሬያለሁ።

የእህቴን ልጅ፣ ለመርፌው ያሰብከውን ብር ሁለት ጆንያ ፋጉሎ ግዛበት፤ ወተት ካልጨመረ ያኔ እንነጋገራለን አልኩት። «እሺ አክስቴ፣ ቅዳሜ አመጣልሻለሁ» ብሎ ሄደ። ሁለት ቅዳሜ አለፈ።

የሦስት ላሞች ባለቤት፣ ከሳቢያን