ጋሼ ዲግሪ የላቸውም፣ ማሲንቆ ግን አላቸው

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር

ጤና ይስጥልን። ደብዳቤዬ ማህተምም ቁጥርም የለውም፤ ከአንድ ወላጅ የመጣ ነው ብላችሁ አንብቡልኝ።

አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ1940ዎቹ ወሊሶ ውስጥ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት፣ ዘፈን ዘፈን የሚለው አንድ ልጅ ነበር። አያቱ ትምህርቱን እንዲይዝ ነው የሚፈልጉት። ርዕሰ መምህሩ ግን (ሱዳናዊ ነበሩ) በርታ ይሉታል። ከዕለታት አንድ ቀን የሀገር ፍቅር ቴአትር ሰዎች ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው ዝግጅታቸውን አሳዩ። እነ ንጋቷ ከልካይ፣ እነ ኢዮኤል ዮሐንስ። ልጁ ተጠግቶ አዋራቸው። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው? በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ፣ ቱሉ ቦሎ ላይ አያቱ ደርሰው መለሱት፣ አንድ ሌሊት ቤት አድሮ እንደገና ጠፋ፣ አሁን ደግሞ የጭነት መኪና ላይ ተደብቆ። ልጁ ጥላሁን ገሠሠ ነው።

ያ ቡድን ወሊሶ ባይሄድስ? ጥላሁን ሌላ መንገድ አያጣም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ግን የኛ ታላላቆች ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ መጠጋት መደጋገሙ ነው። ማሕሙድ አሕመድን እዩት። ሊስትሮ ነበር፣ ኋላ አሪዞና የሚባል ክለብ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ይሠራ ጀመር። የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያመሹት እዚያ ነው። በፈረንጆቹ 1962 አንድ ምሽት ዘፋኙ ቀረ፤ ማሕሙድ እስቲ እኔ ልሞክር አለ። ዘፈኖቹን ቀድሞውኑ ያውቃቸዋል። የት ተማራቸው? እዚያው፣ ሥራውን እየሠራ።

በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ ደግሞ እንጦጦ ነው ያደጉት። የበገናው መምህር አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ለእናታቸው ቤት ጎረቤት ሆነው መጡ። ልጁ ያኔ 12 ዓመታቸው ነው። በቃ፣ ነገሩ የተጀመረው በጎረቤትነት ነው። ዓለሙ በተራቸው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። በደርግ ጊዜ ትምህርቱ ቆመ፤ ሰውየው ግን ዕውቀቱን ይዘው ቆዩ፣ ዛሬ በገና ተሸክሞ የምናየው ወጣት ሁሉ ቀጥታ ከሳቸው ባይማር እንኳ ያ ክር ስላልተበጠሰ ነው የደረሰው። (በገና አሥር አውታር አለው፣ ለመቃኘት ብቻ የሚፈጀውን ትዕግሥት ያየ ሰው ከመጽሐፍ ይማሩት አይልም።)

ወደ ራሴ ልምጣ። ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አላቸው፣ ለዚህስ ምስጋና ይገባችኋል። ለፈተና ስታጠና ሰማኋት። «ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያ ነው።» ልክ ነው። ሰምተሽው ታውቂያለሽ ወይ ስላት፣ ሠርግ ላይ በስፒከር ሰምቻለሁ አለችኝ።

ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ የምንላቸው አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ከአባታቸው ነው የተማሩት። ልጄን ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ምንም አልተጫወቱም። ደጋኑን ዕጣን ቀቡት። ከኛ ጋር ስለ ኑሮ ውድነት እያወሩ መቃኛውን ጠምዘዝ፣ ጆሯቸውን ቀና፣ እንደገና ጠምዘዝ። ከዚያ ልጄን ጠሩና ጣቷን ጭራው (ክሩ) ላይ አስቀመጡላት። አጥብቃ ወደ እንጨቱ ስትጫነው «አይደለም የኔ ልጅ፣ ጭራው እንጨት አይነካም፣ በጣትሽ ጎን ብቻ ንኪው» አሏት። ከአምስት ይሁን ከስድስት ሙከራ በኋላ አንዲት የምታቃስት ድምፅ ወጣች። ልጅቷ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች፣ ከዚያ ሳቀች። ከመጽሐፉ ላይ ይህንን በየት ታገኘዋለች?

ደስ ብሎኝ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ጋሼ በሳምንት አንድ ቀን መጥተው ልጆቹን ያጫውቱ፣ የታክሲያቸውን እኔ እችላለሁ አልኩ። ጥሩ ሐሳብ ነው ተባልኩ። ቀጥሎ የትምህርት ማስረጃ አምጡ ተባለ። ማስረጃ የላቸውም ስል የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይሁን አሉኝ። ከማን ላምጣ? ከሟች አባታቸው? ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ መመሪያ ነው የያዙት። የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ ግን አሁንም የስፖርት መምህሩ ናቸው የሚሸፍኑት፤ እሳቸውም ምስኪን መዝሙር አስዘምረው ይወጣሉ።

ዩቲዩብ አለ እኮ የምትሉኝ ካላችሁ፣ አለ። ካሴትም ብዙ ሰው አስተምሯል። ነገር ግን የሰሙት ሰው አጠገብ መቀመጥ ሌላ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ግሩም መዝሙር አዲስ አኩስቲክ የሚባለውን ባንድ ሲያቋቁም በፈረንጆቹ የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን ዘፈኖች ከካሴት ገልብጦ መጫወት ይችል ነበር። እሱ ግን የማንዶሊኑን አንጋፋ አየለ ማሞን አምጥቶ ከወጣቶቹ ጋር አስቀመጣቸው። ያንን የሰማ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ያውቀዋል። ለነገሩ እንዲህ ዓይነት መገናኛ ቦታዎችም እየሳሱ ነው። ጣይቱ ሆቴል የነበረው የሙዚቃ ክለብ ጃዝአምባ በ2007 ጥር በእሳት ሄደ። ማታ ሙዚቀኛ የሚታይበት ቤት ቢኖርም ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ አይገባበትም። ልጆቹ ያሉት እናንተ ጋ ነው።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። አዲስ ሕንፃም አልፈልግም። አንድ ገጽ መመሪያ ጻፉልን፦ ትምህርት ቤት በአካባቢው ያለ ሙዚቀኛን፣ አዝማሪ ይሁን የበገና መምህር ወይም ጡረታ የወጣ የኦርኬስትራ ሰው፣ ያለ ዲግሪ በእንግዳ መምህርነት መጋበዝ እንዲችል። ለቀኑ አበል ይታሰብለት፤ ጥበበኛን በጭብጨባ ብቻ መሸኘት ይብቃን። ባህልና ስፖርት ደግሞ የቴአትር ቤቶቹን ቡድኖች በዓመት ጥቂት ቀን ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ይላክልን። አዲስ ነገር አይደለም፣ ወሊሶ ላይ ተደርጓል።

መመሪያው እስኪወጣ ለማትጠብቁ ርዕሳነ መምህራን ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋሼ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ይመቻቸዋል። ደረጃ የበዛበት ፎቅ ላይ ግን አታውጧቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።